የባላምባራስ ዋቅጅራ ተጠየቅ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ኀምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት ወር አጋማሽ፣ ከእንጦጦ ተዳፋት እስከ የካ ሚካኤል ያለው አገር ዐቧራ ለብሶ ዝናብ ይጠብቅ ነበር፤ የበልጉ ደመና በየማለዳው ከጋራው ራስ ላይ ተሰብስቦ ቀትር ሳይሆን ይበተናል፤ ከባሕር ዛፉ መካከል የሚወርደው ነፋስ ብቻ ሳያቋርጥ ይነፍሳል። ዛሬ መገናኛ ላይ ታክሲ ለመያዝ የሚጋፋ ሰው ያንን አገር ቢያየው አያውቀውም፤ ያን ጊዜ ከሾላ በላይ ያለው ቦታ የገብስ ማሳና የግጦሽ መስክ ነበር፤ ሴቼንቶ የምትባለው ትንሽ የጣልያን መኪና ታክሲም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲደርስ እያለከለከ ይቆምና ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት ለእግረኛና ለበቅሎ ይተወው ነበር።

ከለጋሲዮኑ አጥር በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ጫፍ አጠገብ፣ ጥድ ሥር የምትባል መንደር ነበረች። በዚያ ወር አንድ ጠዋት ከአንድ ሚኒስቴር የተላኩ ሰዎች መጥተው በየቤቱ በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ፤ ለአጥቢያው ዳኛም «ይህ ቦታ ለደን ተከልሏል፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቤቱ ሁሉ ይፈርሳል» ብለው ነግረው ሄዱ። የሚኒስቴሩን ስም መጥራት አያስፈልገንም፤ ምክንያቱ ግን መነገር አለበት። ከተማይቱ የአፍሪካ መሰብሰቢያ ከሆነች ወዲህ እንግዳ በአውሮፕላን ይመጣል፤ እንግዳው በመስኮት ቁልቁል ሲመለከት ለምለም ጋራ እንጂ የሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ እንዳይታየው ተፈለገ። ሰው ከነቤቱ ለእንግዳ ዐይን ሲባል ሊነቀል ነው።

ከነዚያ ቤቶች አንዱ የወይዘሮ ሶሬቲ በዳዳ ነበር፤ ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ፣ ብቻዋን የቀረች፣ አንደበቷን የመንደሩ ሽማግሌ ሁሉ የሚፈራው ሴት ናት። ታናሽ ወንድሟ ባላምባራስ ዋቅጅራ በዳዳ የዚያው አገር ሰው መርጦት በሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ነው። ወሬውን እንደ ሰማ ከሾላ ተነሥቶ ዳገቱን ወጣ፤ እህቱንም ቀይ ምልክቱን በጀርባዋ ሸፍና ደጃፏ ላይ በዝቅተኛ ዱካ ተቀምጣ አገኛት።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ እንደራሴው!» አለችው ከመቀመጫዋ ሳትነሣ። «ምርጫ የደረሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። ያለ ምርጫ ይህን ዳገት ስትወጣ አይቼህ አላውቅም።»

«እትዬ፣ ቀልዱን ተይው። እኔም የሰማሁት ዛሬ ነው።»

«እሱ እኮ ነው የሚያናድደኝ! የቤቴን መፍረስ ቀለም ቀቢው ከእንደራሴዬ ቀድሞ ያውቃል። ለመሆኑ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ምን ስታደርጉ ነው የምትውሉት?»

«ሕግ እናወጣለን፤ ሚኒስትሮቹን እንጠይቃለን።»

«ይመልሳሉ?»

ባላምባራስ ኩታውን ማስተካከል ጀመረ። ይህን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው ስማኝ ዋቅጅራ። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ከመጡም ከነነፍሴ ያፍርሱት። አንተ ግን ሂድና ያንን ሚኒስትር አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ እነዚህን ሰዎች ባስወጣ ማግስት የት ያድራሉ ብሎ አስቦ እንደሆነ። ጫካው ስንት ጋሻ እንደሚሆን አይንገርህ፤ እሱን ብቻ ይመልስልህ። መልሱን ካላመጣህ ደጄን አትርገጥ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከሶሬቲ አፍ ከወጣ እንደማይመለስ ወንድሟ ያውቃል፤ ሳይከራከር ቁልቁል ወረደ።

ባላምባራስ ዋቅጅራ የዋዛ ሰው አልነበረም። ነገረ ፈጅ ሆኖ ያረጀ፣ በአደባባይ ችሎት ባላገሩንም መኳንንቱንም ሲያስለቅስ የኖረ ሰው ነው። የድሮውን ሙግት ላልደረሰበት አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባል፤ ተሟጋች ኩታውን አደግድጎ ይነሣና ባላጋራውን «ተጠየቅ!» ይለዋል፤ ባላጋራውም «ልጠየቅ!» ብሎ ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ ማምለጫ የለም። ልጠየቅ ያለ ሰው ለተጠየቀው ብቻ ያለ ዙሪያ ጥምጥም ይመልሳል፤ ወደ ሌላ ነገር ከሸሸ ወይም ዝም ካለ ተረታ። ጠያቂውም በባዶ አፉ አይጠይቅም፤ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል። በዚያ ሥፍራ ሹምና ገባር እኩል ናቸው፤ ገበሬው ደጃዝማቹን «አንተ» ብሎ ቢጠይቀው እንደ ድፍረት አይቆጠርበትም ነበር። አዲሱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ከወጣ በኋላ ግን ችሎቱ ሁሉ በወረቀት ሆነ፤ ያ ሁሉ ጉሮሮም ሥራ ፈታ። ባላምባራስ በዚህ ነገር ሲቆጭ ይኖር ነበር፤ ምክር ቤት ሲገባም እዚያ የጠበቀው ያንኑ የመሰለ አደባባይ ነበር፤ ያገኘው ግን ሌላ ነው።

ምክር ቤቱ የራሱ ወግ ነበረው። የእንደራሴው ጥያቄ አስቀድሞ በጽሑፍ ይላካል፤ ሚኒስትሩ ሲመቸው ራሱ ይመጣል፣ ካልተመቸው ምክትሉን ይልካል፤ ወደ አዳራሹ ሲገባ እንደራሴዎች ሁሉ ተነሥተው እጅ ይነሣሉ፤ የመጣለትን ያህል ይናገራል፤ አፈ ጉባኤው ያመሰግነዋል፤ ይሄዳል። ሚኒስትሩን የሚሾሙት ጃንሆይ ናቸው፤ የሚሽሩትም እሳቸው። ምክር ቤቱ መጠየቅ ይችላል፤ መልስ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለባላምባራስም ጥያቄ መጀመሪያ ምክትሉ መጥቶ ስለ ችግኝ ጥቅም ሰፊ ንግግር አደረገ፤ ቀጥሎም ሚኒስትሩ ለጉብኝት ወጥተዋል ተባለ። እሱ ግን ጥያቄውን ደጋግሞ ላከ፤ ባልደረቦቹ ሲሰለቹ እሱ አልሰለቸም፤ ኋላ ሚኒስትሩ ራሱ እንደሚመጣ ተነገረ።

ዕለቱ የዐቢይ ጾም አጋማሽ ነበርና ጿሚው እንደራሴ ሁሉ ፊቱ ገርጥቶ ተቀምጧል። ከባላምባራስ ጎን የሚቀመጠው አቶ ከድር፣ ከምሥራቅ አገር የተመረጠ ወጣት እንደራሴ፣ ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«ባላምባራስ፣ እባክዎ ዛሬ ቀዝቀዝ ይበሉ። እኚህ ሰው በክፉ ቀን የሚፈለጉ ናቸው።»

«አንተ ከድር፣ ክፉው ቀን መጥቶ እኮ ነው ያስጠራኋቸው።»

ሚኒስትሩ ክቡር አቶ እርገጤ ይባላል፤ ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ፣ ቁመናው ያማረ፣ ንግግሩ የሚጣፍጥ ሰው ነው። ሲገባ ሁሉም ተነሥቶ እጅ ነሣው፤ እሱም በትሕትና አጸፋውን መለሰና ወረቀቱን ዘርግቶ ጀመረ። «የኛ ተጠያቂነት ለግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቢሆንም፣ ለተከበረው ምክር ቤት ካለን አክብሮት የተነሣ በአካል ቀርበናል» አለ፤ ስለ ጋራው መራቆት፣ ስለ ጎርፉ፣ ከሩቅ ስለሚመጡት እንግዶች፣ ስለ ዋና ከተማይቱ ክብር በሚገባ ተናገረ። እውነት ለመናገር ንግግሩ መልካም ነበር፤ ከተናገረውም ብዙው እውነት ነበር። አፈ ጉባኤው ለባላምባራስ ዕድል ሰጠ።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ደን መልካም ነው፤ የሚጠላው የለም» አለ ባላምባራስ። «እኔ የጠየቅሁት ስለ ሰዎቹ ነው። ከጥድ ሥር የሚነሡት ሰዎች የት ይገባሉ?»

«ይህ ጉዳይ በሚመለከተው ክፍል እየተጠና ነው።»

«የት ይገባሉ?»

«ጥናቱ እንደ ተፈጸመ ለተከበረው ምክር ቤት በጽሑፍ ይገለጻል።»

«ጥናቱ የሚፈጸመው መቼ ነው? ቤቱ የሚፈርሰውስ?»

ከኋላ ወንበሮች ሣቅ ተሰማ። አፈ ጉባኤው መዶሻውን መታ።

«ክቡር ባላምባራስ፣ ጥያቄዎ መልስ አግኝቷል። ይቀመጡ። ምክር ቤቱ ክቡር ሚኒስትሩን ያመሰግናል።»

ሚኒስትሩ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። እንደራሴዎቹም ተነሥተው እጅ ለመንሣት ተሰናዱ። ባላምባራስ ግን አልተቀመጠም። ደጄን አትርገጥ ያለችው እህቱ ትዝ አለችው፤ ይልቁንም ያ ጥያቄዋ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር የማይሞላ፣ ማንም ሰው ቢሆን ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ፣ በዚያ ሁሉ ጣፋጭ ንግግር መካከል ወድቆ መቅረቱ አንገበገበው። ከወንበሩ ወጥቶ ወደ መካከለኛው መተላለፊያ ሄደ። ኩታውን ከትከሻው አወረደ፤ ደረቱ ላይ አጣፍቶ ወገቡን አደገደገ። ወጣቶቹ ምን ሊያደርግ እንደ ሆነ አልገባቸውም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ወዲያው ገባቸውና ከወንበራቸው ወደ ፊት አዘነበሉ። ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ በዚያ ሥራ ፈትቶ በኖረ ጉሮሮ አዳራሹን የሚያናጋ ድምፅ አወጣ።

«ተጠየቅ!»

የክቡር አቶ እርገጤ አባት በመንዝ ስመ ጥር ዳኛ ነበሩ፤ ልጁም ጡት ከጣለ ጀምሮ በዚያ ጩኸት መካከል ያደገ ነው። ባሕር ማዶ የተማረው ትምህርት ብዙ ነገር አስረስቶት ይሆናል፤ ይህን ግን አላስረሳውም። ያቺ ቃል ጆሮው ስትገባ ወረቀቱን እንደ ጨበጠ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ ከማሰቡ በፊት አፉ መለሰ።

«ልጠየቅ!»

አዳራሹ ተናጋ። ከድር አፉን በእጁ ያዘ፤ አንዳንዱ ሣቀ፤ አንዳንዱ «ኧረ ጉድ!» አለ፤ አፈ ጉባኤው መዶሻውን ደጋግሞ ቢመታም የሚሰማው አልነበረም። ሚኒስትሩ ምን እንዳደረገ የገባው ይህን ጊዜ ነው፤ ፊቱ ቀላ። ነገሩን በሣቅ አሳልፎ መውጣት ይችል ነበር፤ በሩም ቅርብ ነበር። ነገር ግን ልጠየቅ ብሎ የሸሸ ሰው የአባቱን ወንበር ያዋርዳል፤ ይህንንም ከዚያ አዳራሽ ሽማግሌዎች ይበልጥ እሱ ራሱ ያውቃል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አኖረ።

«በምን?» አለ፤ እንደ ወጉ ውርርዱን መጠየቁ ነው።

«በወንበሬ!» አለ ባላምባራስ።

አፈ ጉባኤው መዶሻውን እንዳነሣ ቀረ።

«ተጠየቅ! እህቴ ሶሬቲ በዳዳ ባልቴት ናት። እሷና ጎረቤቶቿ ቤታቸው እንዲፈርስ ስታዝ፣ እነዚህ ሰዎች በማግስቱ የት ያድራሉ ብለህ አስበህ ነበር ወይስ አላሰብህም?»

ሚኒስትሩ ጠረጴዛው ላይ ያኖረውን ወረቀት ተመለከተ። ስለ ጥናቱ ሊናገር አልቻለም፤ ስለ ጥናት አልተጠየቀምና። ስለ እንግዶቹም ሊናገር አልቻለም።

«አላሰብሁም» አለ።

ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሆኖም ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ ሰሙት። አንድ ሽማግሌ እንደራሴ የት እንዳሉ ረስተው «ረታ! ባላምባራስ ረታ!» ብለው ጮኹ። አፈ ጉባኤው ከወንበሩ ተነሥቶ የተባለው ሁሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አዘዘና ስብሰባውን በተነ።

ወሬው ከዐራት ኪሎ ወጥቶ ሾላ ገበያ ሲደርስ ባላምባራስ ሚኒስትሩን በዘንግ መትቶታል እየተባለ ነበር። ባላምባራስ ራሱ ግን ፈርቶ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በንጉሠ ነገሥቱ ሹም ላይ በአደባባይ መጮህ ዋጋው ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ደጁ በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱት የመጡ ይመስለው ነበር። ሆኖም ወደ እህቱ ሄዶ መልሱን ነገራት፤ ሶሬቲም ደጋግማ አስነገረችውና «እውነቱን ተናግሯል፤ ከሌሎቹ እሱ ይሻላል» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል፣ ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትለው ወደ ባላምባራስ ቤት መጡ። ሶሬቲም ከቅዳሴ ስትመለስ ጎራ ብላ ከዚያው ነበረች።

«ባላምባራስ፣ ያደረጉት ነገር ከባድ ነው» አሉ ፊታውራሪ ከተቀመጡ በኋላ። «የንጉሠ ነገሥቱን ሹም በምክር ቤት መካከል አንተ ብለው ጮኹበት።»

«የሙግት ወግ ነው፣ ፊታውራሪ። እርስዎም ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ እንጂ! እንዲያውም ልደብቅዎ አልችልም፤ የሰማሁ ዕለት ስስቅ ነው ያመሸሁት።» ፊታውራሪ ፈገግ አሉና መልሰው ኮስተር አሉ። «ነገር ግን ነገሩ ካልበረደ የሚቆጡ አሉ። እኛ ያመጣነው መንገድ ቀላል ነው። ድንጋይ በትከሻዎ ተሸክመው ከክቡር ሚኒስትሩ ደጅ ይሄዳሉ፤ ‹ተሳስቻለሁ፤ ጥያቄዬን ትቻለሁ› ይላሉ። ከዚያ ወንበርዎ አይነካም። ለእህትዎም ኮተቤ ላይ ቦታ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ቤትም ይሠራላቸዋል።»

«ለጎረቤቶቼስ?» አለች ሶሬቲ።

«የሌሎቹ ነገር... እየተጠና ነው፣ እመቤቴ።»

ሶሬቲ ከት ብላ ሣቀች። ሣቋ ሲያበቃ ፊቷ ላይ ሣቅ የሚባል አልቀረም።

«ፊታውራሪ፣ ባሌ ሲሞት ሬሳውን ከጋራው አውርደው የካ ሚካኤል ያደረሱት እነዚያ ሰዎች ናቸው። እኔ ኮተቤ ገብቼ፣ እነሱ ሜዳ ላይ ፈሰው፣ በምን ዐይኔ ነው የማያቸው? ቦታውን ለፈለጋችሁት ስጡት። እኔ አልለመንኳችሁም።»

ፊታውራሪ ወደ ባላምባራስ ዞሩ። እሱም እህቱን አላየም። ምናልባት በልቡ ያቺን ወንበር ተሰናብቷት ይሆናል፤ ይወዳት ነበርና።

«ፊታውራሪ፣ መንገድ የሄዱበት እግርዎ ይባረክ» አለ። «ግን ጠያቂ ጥያቄውን የተወ እንደ ሆነ መልሱም አብሮ ይቀራል። ይህን እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ የላኩዎም ያውቃሉ፤ ድንጋዩን ያዘጋጁልኝ ለዚሁ ነው። እኔ ያን መልስ ያገኘሁት ወንበሬን አስይዤ ነው። ወንበሩን ውሰዱት፤ ረትቼ ነበር፤ ግን ውሰዱት። መልሱን አልመልስም። ድንጋይ መሸከም ካስፈለገም ሳያስብ ያዘዘ ይሸከም እንጂ የጠየቀ አይሸከምም።»

ፊታውራሪ ብዙ አልተከራከሩም። ሲወጡ ግን ደጃፉ ላይ ቆመው የባላምባራስን እጅ ጨብጠው ጥቂት ቆዩ።

ፋሲካ ዋለ፤ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። በማግስቱ የጥድ ሥር ሰዎች ሁሉ ወንዱም ሴቱም ከየቤታቸው ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ፤ ባላምባራስም ገና ሳይነጋ ዳገቱን ወጥቶ ከእህቱ ጎን ተቀመጠ። ጠበቁ፤ የመጣ የለም። የዚያን ሳምንትም የሚቀጥለውንም ጠበቁ። ቀስ በቀስም ከቤተ መንግሥት አካባቢ ወሬው ወረደ፤ አፍራሾቹን የሚያሰማራው የመጨረሻ ትእዛዝ ለፊርማ ሲቀርብለት ሚኒስትሩ አልፈርምም ብሎ ነበር። «በምክር ቤቱ መካከል አላሰብሁም ብያለሁ፤ አባቴ ዳኛ ነበሩ፤ ልጠየቅ ብዬ የሰጠሁትን ቃል በፊርማዬ አላፈርስም» ማለቱ ተነገረ። ክረምቱ ሳይገባ ክቡር አቶ እርገጤ በሩቅ አገር አምባሳደር ሆኖ ተሾመ፤ በዚያ ዘመን ሰው ከቤተ መንግሥት ሲጣላ እንዲህ ነበር የሚሾመው። እሱን የተካው ሚኒስትር የራሱ የሆነ ሌላ ሐሳብ ነበረው፤ ስለ ጥድ ሥር የጠየቀውም የነገረውም አልነበረም፤ ነገሩ ተረሳ።

ወንበሩ ግን አልተረሳም። በሚቀጥለው ምርጫ የባላምባራስ ዋቅጅራ ስም ለውድድር ሲቀርብ ተቀባይነት የለውም ተባለ፤ ለምን ብሎ ቢጠይቅ ጉዳዩ እየተመረመረ ነው ብለው መለሱለት። እሱም ቤቱ ገባ፤ ገብሱን እያሳጨደ፣ የመንደር ነገር እየዳኘ ጥቂት ዓመት ኖሮ አብዮቱ ሳይፈነዳ ሞተ። ይጸጸት እንደ ነበር የጠየቁት ሰዎች አሉ፤ «ጠየቅሁ፤ መለሰ፤ ከዚህ በላይ ለምን ተመረጥሁ?» ይላቸው ነበር አሉ።

ዛሬ ጥድ ሥር ጥድ የለም። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች በየግቢው ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ እሑድ ጠዋት ከቆርቆሮው አዳራሽ የወንጌል አማኞች መዝሙር ይሰማል፤ ማታ ማታ በየቤቱ ቴሌቪዥን ሚኒስትር ለእንደራሴ ማብራሪያ ሲሰጥ ይታያል፤ አንዳንዱ ተከራይ ያዳምጣል፣ አብዛኛው ኳስ ወዳለበት ይቀይራል። የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የሚኒስትሮቹን ሹመትና ሽረት በዝርዝር መዝግበዋል፤ ክቡር አቶ እርገጤም በአምባሳደርነታቸው ይታወሳሉ። የዚያች ቀን ቃለ ጉባኤ የሚለው፣ ሚኒስትሩ ስለ ደን ልማት ማብራሪያ መስጠታቸውንና ምክር ቤቱ ማመስገኑን ብቻ ነው። ባላምባራስ ዋቅጅራን ያነሣው የለም፤ ታሪክ የፈረሰውን ሲቆጥር ሳይፈርስ ለቀረው ቦታ አይተርፈውም። ወይዘሮ ሶሬቲ በዳዳ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት በዚያው ቤቷ ከረመች፤ አርጅታም በዚያው ቤቷ ሞተች።